የታመመው የሴራፊን ማንቆርቆሪያ

እትዬ ዩፌሚን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆርቆሮ ስታዳምጥ ነው። ቆርቆሮ ስል የጣራ ክዳኑን ማለቴ አይደለም፤ ነጩን፣ ለስላሳውን፣ ትንሽ እሳት ሲነካው እንደ ቅቤ የሚቀልጠውን ማዕድን ነው። አቅልጣ ያወጣችውን ቀጭን ዘንግ ጆሮዋ ሥር ይዛ ቀስ ብላ ታጥፈዋለች። ንጹሕ ከሆነ ሲታጠፍ ይጮኻል፤ በጥርስ መሀል የሚሰበር በረዶ ያለ ድምፅ ያሰማል። እርሳስ ከተቀላቀለበት ድምፁ ይታፈናል፤ ከበዛበትም ጭራሹን ዝም ይላል። ጩኸቱን ስትሰማ ፊቷ ይፈታ ነበር።

«ሰማሽው?» ትለኛለች። «ከዚህ ብትጠጪ ሆድሽን አያምሽም።»

እኔ ያኔ ወደ ፕራሎቨን መንደር ከገባሁ ዓመት ያልሞላኝ ሙሽራ ነበርኩ። መንደሩ ገደል ላይ የተሰቀለ ስለሆነ የእትዬ ዩፌሚ ሥራ ቤት ደጃፍ ከእኛ ጣራ ጋር ይስተካከላል። ጠዋት የምነቃው በሞረዷ ድምፅ ነበር።

አባቷ ከተራራው ማዶ፣ ከጣሊያን በኩል፣ የነሐስ ማፍሰሻ ቅርጾቹን በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ሰው ነው። በየመንደሩ እየዞረ ያረጀውን ጽዋና ማንቆርቆሪያ እያቀለጠ አዲስ ያወጣ ነበር። አንድ የበረዶ ወራት የተራራው መተላለፊያ ሲዘጋበት ፕራሎቨን ቀረ፤ አገባ፤ ዩፌሚንና ሴራፊንን ወለደ፤ ሞተ። መንደሩ ግን እስከ መጨረሻው «የቆርቆሮው ሰውዬ» ከማለት በቀር በስሙ አልጠራውም። እሷንም ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ «የቆርቆሮው ሰውዬ ልጅ» ነበር የሚሏት።

በእኛ ዘንድ ሰው የመንደር ሰው የሚባለው የመንደሩ ወንዶች ማኅበር ውስጥ ሲገባ ነው። የገባው ሰው ክዳን ያለው የወይን ማንቆርቆሪያ ለማኅበሩ ቤት ይሰጣል፤ ከክዳኑ ሥርም ስሙን በገዛ እጁ፣ በቢላ ጫፍ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ቢጣመምም ማንም አያርምለትም። በየዓመቱ በመጋቢት፣ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ ማንቆርቆሪያዎቹ በረጅሙ ገበታ ላይ ይደረደራሉ፤ የማኅበሩ አለቃ ክዳኑን እየከፈቱ ስም ይጠራሉ። በሕይወት ያለው «አለሁ» ይላል። ለሞተው ዘመዱ «አለ» ይልለታል። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ይሞላል። ማንቆርቆሪያው ከገበታው የሌለ ሰው ግን ስሙ አይጠራም። የሞተ ሰው ደግሞ ተነሥቶ በአዲስ ማንቆርቆሪያ ላይ ስሙን አይጽፍም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንደሩ ከእሳቱ ተምሯል። እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጎተራ የተነሣ እሳት በእንጨት የተሠራውን የመንደሩን ግማሽ በላ፤ የማኅበሩንም ቤት። ማንቆርቆሪያዎቹ ከነመደርደሪያቸው ቀልጠው በወለሉ ስንጥቅ ፈሰሱ። በማግሥቱ ከአመዱ የተለቀመው ጥፍጥፍ ብቻ ነበር። በሕይወት ያሉት በአዲስ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደገና ስማቸውን ጻፉ። የሞቱት ቀሩ። አማቴ የአባቷን ስም ሳትሰማ የቀረችበትን የመጀመሪያውን የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ስታወራኝ ድምፅዋ እንደ ልጅ ይሆን ነበር።

ያን ጥፍጥፍ አቅልጣ ማንቆርቆሪያዎቹን በአባቷ ቅርጾች መልሳ ያወጣቻቸው ዩፌሚ ናት። ሴት ያኔ ማኅበር አትገባም። ስለዚህ ውለታዋን ለመመለስ ታናሽ ወንድሟን ሴራፊንን አባል አደረጉት፤ ከቤታቸው የመጀመሪያው እሱ ነው። ለእሱ ከአመድ የወጣውን አሮጌ ማዕድን አልወደደችለትም፤ ከከተማ ጠብታ እርሳስ ያልነካው አዲስ ቆርቆሮ አስመጣች። «የወንድሜ እንደ ብር ያብራ» ብላ። ማኅበሩ ደግሞ ከእሳቱ ወዲያ ማንቆርቆሪያዎቹን በእንጨት ቤት ማኖር ፈርቶ፣ አለት ተፈልፍሎ ወደተሠራው የወይን ጓዳ፣ ከትልቁ በርሜል አጠገብ አስገባቸው። እሳት የማይደርስበት ቦታ ነው። ብርድን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሴራፊን ብዙም አልቆየም። በበረዶ ወራት ላይኛው በረት ያሉትን ከብቶች ሊያበላ ወጥቶ የበረዶ ናዳ ወሰደው። በረዶው ሲቀልጥ ፈለጉት፤ በጋውን ሙሉ ፈለጉት፤ ዱላውን እንኳ አላገኙም። መቃብር የለውም፤ ከዚህ ዓለም የተረፈው ያ ማንቆርቆሪያ ነው። በየዓመቱ «ሴራፊን ፒያና!» ተብሎ ሲጠራ ዩፌሚ ከሴቶቹ ተርታ ተነሥታ «አለ» ትላለች። የቆርቆሮው ሰውዬ ልጅ መሆኗ ቀርቶ የሴራፊን እኅት የምትሆነው ያችን ቅጽበት ብቻ ነበር።

ታላቁ ብርድ የመጣው እኔ ፕራሎቨን በገባሁ በመጀመሪያው የካቲት ነው። የምንጩ ውኃ ከነገንዳው ድንጋይ ሆነ። ዳቦ በመጥረቢያ ይፈለጥ ነበር። እትዬ ዩፌሚ ለበዓሉ ማንቆርቆሪያዎቹን ልትወለውል ስትነሣ እንዳግዛት ጠራችኝ። በወንዝ ዳር የሚበቅል አንድ ሻካራ ሣር አድርቃ ታስቀምጥ ነበር፤ ቆርቆሮን እንደሱ አድርጎ የሚያጸዳ የለም። ጓዳውን ስንከፍት ብርዱ ከውስጥ ሲጠብቀን የቆየ ይመስል ፊታችንን መታን።

እያንዳንዱን እያነሣን ስንፈትግ፣ ስለ አማቴ ንፉግነት እያማሁላት ስትስቅ፣ ድንገት ሣሩን ከእጇ ጣለችው።

«እትዬ፣ ምነው?»

«አትንኪ!»

«ምኑን?»

«የያዝሽውን አስቀምጪ። እጅሽን ሰብስቢና ወደ በሩ ሂጂ አልኩሽ!»

እንዲህ ስትቆጣ ሰምቼአት አላውቅም። ፋኖሱን ወደ ሴራፊን ማንቆርቆሪያ አስጠጋች። በሆዱ ላይ ምስር የሚያህል አመድማ ነጥብ ወጥቶበታል። አጠገቡ ሌላ። ከበታቹ ደግሞ እንደ ብጉር ያበጠ። ያበጠውን በጥፍሯ ጫፍ ብትነካው ፈርሶ ዱቄት ሆኖ ወረደ፤ በቦታው ጉድጓድ ቀረ።

«ቆርቆሮ ይታመማል» አለች በሹክሹክታ። «አባቴ ሲናገር ውሸት ይመስለኝ ነበር። ከተራራው ማዶ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የኦርጋኑ፣ የዜማ መሣሪያው፣ የቆርቆሮ ቧንቧዎች በአንድ የበረዶ ወራት አመድ ሆነው ወረዱ አለ። አንዱ ወደ አንዱ ይጋባል አለ። እንደ ፈንጣጣ።»

እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ያን ጠዋት በእነዚያ እጆች ያልነካችው ማንቆርቆሪያ አልነበረም። እኔም የራሴን አየሁ። የባሌን አባት ማንቆርቆሪያ ገና አሁን የወለወልኩት እኔ ነበርኩ። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ።

«ለማንም አትንገሪ» አለችኝና ማንቆርቆሪያውን በሽርጧ ጠቅልላ አወጣችው።

ምን ያደርጋል፣ ገንዳው አጠገብ በረዶ የምትፈነቅለው አጋት ነበረች። አጋት ያየችውን ውጣ ማደር የማትችል ጎረቤታችን ናት።

«ዩፌሚ! ምን ደብቀሽ ነው? የማኅበሩን አይብ ሰረቅሽ እንዴ?»

«የሴራፊን ነው። ማጠፊያው ላልቶ ነው፤ ልበይደው።»

«ታዲያ እንደ ታመመ ሕፃን መታቀፍሽ?»

ዩፌሚ ሽርጧን አጥብቃ ያዘች። ረገጥ ረገጥ አድርጋ አለፈች። ከሽርጧ ጫፍ ግን በነጩ በረዶ ላይ አመድማ ዱቄት ይንጠባጠብ ነበር። አጋት ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ ፊቴ ነገራት።

ምሳ ሳይደርስ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ወንዶቹ ተራ በተራ ወደ ጓዳው እየገቡ ማንቆርቆሪያቸውን በካፖርታቸው ሥር ደብቀው ወጡ፤ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ እንደ ሌባ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። የማኅበሩ አለቃ ጋሽ ኡርባን የራሳቸውን አልጋ ላይ በሚስታቸው ቦታ አስተኝተውታል ተባለ። ባሌ ማርሴላን የአባቱን ከድንጋዩ ምድጃ አጠገብ አኑሮ እየተመላለሰ ያገላብጠው ነበር።

«ጠጋ ሳደርገው ይቀልጣል ብዬ እፈራለሁ፤ ራቅ ሳደርገው ይታመማል ብዬ እፈራለሁ» አለኝ። «አንቺ ከምትወልጂልኝ ልጅ ይብሳል ይኼ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «ዩፌሚ ቤት እንዳትወጪ» አለኝ።

እትዬ ዩፌሚ ዘንድ ለጥገና ማንኪያና ሳሕን ያስቀመጡ ሰዎች ደጅ ቆመው ይጠሯታል። «በመስኮት ወርውሪልኝ! አይ፣ በእጅሽ አይሁን፣ በመቆንጠጫ!» በቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኟ ባዶ ሆነ። እጆቿን በአመድ ውኃ እያጠበች እያጠበች ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ። የማን ማንቆርቆሪያ መጀመሪያ ያብጥ ይሆን ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። እኔም ምድጃው አጠገብ ያለውን በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ ሳላይ ውኃ አልጥድም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ኡርባን ወደ እሷ ሲወጡ ከደጃፌ አየኋቸው። ድምፃቸው በጣራችን በኩል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

«ዩፌሚ።»

«ይግቡ እንጂ ጋሽ ኡርባን። ብርድ ነው።»

«እዚሁ ይሻለኛል። ይቅለጥ፣ ልጄ። ዛሬውኑ። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

«ስሙስ?»

«እኔ ነኝ በሽታውን ያመጣሁት?»

«ስሙስ ነው የምልዎት።»

ጋሽ ኡርባን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የአያቴ ስም በእሳቱ ሄዷል። የእናቴም አባት። የሌሎቹ ደግሞ በወንድምሽ ሰበብ አመድ ከሆነ ይህን መንደር ማን ይጠራዋል? ንገሪኝ እስቲ።»

«እስከ ቅዱስ ዮሴፍ ይታገሡኝ።»

«ይድናል?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም!» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሲወርዱ ፊታቸውን ሳይ ግን እንደ እኛው የፈሩ ሰው ነበሩ። «እስከ ቅዱስ ዮሴፍ ከቤትሽ አይውጣ። አንቺም የማንንም ጽዋ አትንኪ።»

ከዚያ ወዲያ የሞረዷ ድምፅ ጠፋ። ከሞረዱ ድምፅ ይልቅ ዝምታው እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር። ማርሴላን እንጨት ሊያመጣ በወጣበት አንድ ረፋድ ሻሌን ተከናንቤ ወጣሁ።

ምድጃዋ ጠፍቷል። ማንቆርቆሪያው ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ዱቄት ወርዷል። መቀመጫው ተበልቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። እሷ ፊት ለፊቱ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች።

«ሂጂ» አለችኝ። «እርጉዝ ነሽ መሰለኝ። ሂጂ።»

«ክዳኑን አየሽው?»

ዓይኗን ወደ ጠፋው ምድጃ አዞረች።

«እትዬ፣ ስሙን አየሽው ወይ ነው የምልሽ።»

«አልከፈትኩትም» አለች። «ከፍቼው ባይኖርስ? ሳልከፍተው ግን… እስካሁን አለ።»

ከዚያ ቀና ብላ፣ «አንቺ ክፈችው። እኔ አልችልም» አለችኝ።

ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። የሻሌን ጫፍ በጣቴ ላይ ጠቅልዬ ክዳኑን አነሣሁት። ማጠፊያው ሲጢጥ አለ። ዩፌሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አለ» አልኩ። «እትዬ፣ አለ! ያበራል!»

ተነሥታ መጣች። ስሙ ያለ አንዲት ነጥብ እዚያው ነበር፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ወደ ኋላ ዞራ፣ የመጨረሻዎቹ ቦታ አጥሯቸው እርስ በርስ ተደራርበው።

«ሰነፍ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ትምህርት ቤት ሂድ ሲባል ዓሣ ሊያጠምድ ነበር የሚጠፋው። ፊደሏ የዞረችበት ለዚህ ነው።»

ከዚያ እንባዋ ቆመ። ክዳኑን በፋኖስ ብርሃን፣ በመስኮት ብርሃን፣ ከሥርም ከላይም መረመረችው። ሆዱ ፈርሶ ክዳኑ ለምን ዳነ? ለረጅም ጊዜ ስታስብ ቆይታ ትዝ አላት፤ ከከተማ የመጣው ንጹሕ ቆርቆሮ አልበቃ ብሏት ክዳኑን ያወጣችው ከአመዱ ከተለቀመው ከአሮጌው ነበር። እርሳስ ከነካው። የሌሎቹ ሁሉ ማንቆርቆሪያ ከተሠራበት።

«ንጹሑን ነው የበላው» አለች። «እንደ ብር ይሁን ያልኩለትን።» ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። «ግምት ነው እንጂ ማን ያውቃል? ተራው ሳይደርሰው ቀርቶ ቢሆንስ? ወስጄ ከሌሎቹ ጋር ባቆመውና ነገ ሁሉም ቢፈርስ?»

ይህን ፍርሃት ሊያስወግድላት የሚችል ሰው በመንደሩ አልነበረም። ቢሆንም ምድጃዋን አነደደች።

መጀመሪያ ክዳኑን ከሆዱ መለየት ነበረባት። የማጠፊያውን ሽቦ በቀጭን መሮ ጠርዝ ስትገፋ መዶሻውን እንደ ላባ ነበር የምትጥለው፤ አንዴ ጠንከር ብትል ክዳኑ ሊሰነጠቅ ነው። እኔ ክዳኑን በሁለት እጄ ደግፌ እስትንፋሴን ዋጥኩ። ሽቦው ወጣ። ከዚያ የተረፋትን የአሮጌውን ጥፍጥፍ አቀለጠች። የአባቷን የነሐስ ቅርጽ በጥላሸት ቀባች፤ አሞቀች፤ በጭልፋ አፈሰሰች። ሲከፈት ጎኑ የተቀደደ ወጣ፤ እጇ ተንቀጥቅጦ ስለነበር ቆርቆሮው ተቆራርጦ ነው የወረደው። ደግማ አፈሰሰች። ይኸኛው ሙሉ ሆነ። ከጠርዙ የተረፈውን ቆርጣ ወደ ጆሮዋ ወሰደችና አጠፈችው። ድምፅ አልነበረውም። በሕይወቷ የቆርቆሮ ዝምታ ደስ ሲያሰኛት ያን ዕለት ብቻ አየኋት።

የታመመውን ሆድ ጭልፋው ላይ አድርጋ እሳት ላይ ስታስቀምጠው ደኅናው ቀለጠ፤ ዱቄቱ ግን እንቢ አለ። ጨሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ አመድ ሆኖ ቀረ። አማተበችና ደጅ አውጥታ ቀበረችው።

የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ማለዳ ቅዳሴ ወጣን። ከዚያ ወንዶቹ ማንቆርቆሪያቸውን በጨርቅ እንደ ጠቀለሉ በአዲሱ የማኅበር ቤት ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ። ማንም ከማንም አጠገብ ማስቀመጥ አልፈለገም። የአጋት ባል የእሱን ጭኑ ላይ ይዞታል። እንደ ወትሮው የሚቀልድ፣ አይቡን የሚቆርስ አልነበረም። ዩፌሚ ስትገባ ወንበሮች ተንቀሳቀሱ። የያዘችውን አይተው፣ «ምነው እግዚአብሔርን ብትፈሪ!» አለች አጋት ከሴቶቹ መሀል። «አመጣችው እኮ!»

«ሆዱ አዲስ ነው» አለች ዩፌሚ። «ክዳኑ ግን የእሱ ነው። አልታመመም።»

«እስካሁን በይ!» አለ አንዱ።

«አዎ» አለች። «እስካሁን።»

ጋሽ ኡርባን ተነሡ። ገበታውን ዞረው መጡና ከእሷ ክንድ ያህል ርቀው ቆሙ። «ክፈችው» አሉ። ከፈተችው። አንገታቸውን አስግገው ብዙ ጊዜ አዩት። ቤቱ ሁሉ የሚጠብቀው ከአፋቸው የሚወጣውን ነው። ዩፌሚ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ደግፋ ይዛለች።

«እጁ ነው» አሉ ጋሽ ኡርባን። «ይቺን የዞረች ፊደል ሲጽፍ ስቄበታለሁ።»

«ታዲያ ገበታው ላይ ሊቆም ነው?» አለ የአጋት ባል የእሱን ማንቆርቆሪያ ደረቱ ላይ አጥብቆ።

ጋሽ ኡርባን ወደ ገበታው አዩ፤ ወደ ክዳኑ አዩ። አለቃ ሆነው ምን ማለት እንዳለባቸው ያላወቁበትን ሰዓት እኔ ሌላ አላስታውስም። በመጨረሻ፣ «ገበታው ላይ አይቆምም» አሉ። የዩፌሚ ትከሻ ወደቀ። «መስኮቱ ላይ ይቁም። ለብቻው። ከመስኮቱም ይጠራል።»

ስሞቹ መጠራት ጀመሩ። አለሁ፣ አለሁ፣ አለ። ጋሽ ኡርባን ወደ መስኮቱ ዞረው «ሴራፊን ፒያና!» ሲሉ ዩፌሚ ተነሣች፤ አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ክንዷን ከኋላ ያዝኩት።

«ሴራፊን ፒያና!» አሉ እንደገና፣ ለስለስ ብለው።

«አለ» አለች።

ወይኑን የቀዳለት ማርሴላን ነው፤ እንዳይነካካ መቅጃውን ከፍ አድርጎ፣ ግማሹን መስኮቱ ላይ እያፈሰሰ።

ከዚያ ዓመት ወዲያ ማንቆርቆሪያዎቹ ወደ ጓዳው አልተመለሱም፤ በማኅበሩ ቤት ከምድጃው ጋር በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ እሳት የሚጠብቅ ሰውም በተራ ያድራል። ሌላ የታመመ አልተገኘም። ቢሆንም የሴራፊን ማንቆርቆሪያ ከመስኮቱ ወደ ገበታው ይምጣ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እትዬ ዩፌሚም አልጠየቀችም። በየበረዶው ወራት፣ ብርዱ በከረረ ቁጥር ትወርዳለች፤ ክዳኑን ከፍታ አውራ ጣቷን በስሙ ላይ ታሳልፋለች፤ ጣቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ታየዋለች። ደስ ብሏት ስትመለስ አላየኋትም፤ ለዛሬ ተረፈ ብላ ነበር የምትመለሰው።

ልትሞት ስትል ያስጨነቃት ነገር ይኸው ነበር። «ማን ‹አለ› ይልለታል?» አለችኝ። ዘመድ አልነበራትም። ጋሽ ኡርባንም ያኔ አርጅተው ነበር፤ ልንጠይቃቸው ብንሄድ፣ «ክዳኑን የከፈተችው ማን ናት?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እንግዲያው ዘመድ ነሽ» አሉኝ።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነ እኔ ነኝ የምመልስለት። ሴራፊንን በዓይኔ አላየሁትም። ብርድ ሲከር ግን ልጆቼ «እማማ፣ የት ትሄጃለሽ በዚህ በረዶ?» እያሉ ይቆጡኛል። ዘንድሮም ወረድኩ። ክዳኑን ስከፍት ልቤ እንደዚያን ጊዜው ጆሮዬ ውስጥ መታ። ጣቴን በፊደሎቹ ላይ አሳለፍኩና ወደ መስኮቱ ዞሬ አየሁት። ዱቄት አልነበረበትም።